አሮጌ ዴል፣ ኡቡንቱና አዲስ ግራፊክስ ካርድ፦ ብር ከማውጣትህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 አለው፣ ትልቁ ቁም ኬዝ። ፕሮሰሰሩ አይ5-3470፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲ 710፣ ሲስተሙ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ሊኑክስ። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሞዴልና አኒሜሽን ፕሮግራም እየተማረ ነው፣ ጎን ለጎን ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። መገናኛ አካባቢ ያለ ሱቅ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች አቅርቦለታል፤ የኤኤምዲ ኩባንያ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ እና የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ። «የቱን ልውሰድ? ካርድ ስትቀይር ሊኑክሱን ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚሉኝስ እውነት ነው?» ይላል።

ወንድሜ፣ በቀጥታ ልመልስልህ። ከሁለቱ አንዱንም አትግዛ። ፎርማትም አያስፈልግህም። ለአንተ ማሽንና ለአንተ ሥራ የሚሆነው ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ጂቲኤክስ 1650 ነው። ምክንያቱን ግን እወቀው፣ ነገ ሌላ ሻጭ ሌላ ካርድ ይዞ ሲመጣ ራስህ እንድትወስን።

ከፓወር ሰፕላዩ እንጀምር። የ7010 ቁም ኬዝ ከፋብሪካ ሲወጣ 275 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ ነው። የኬዙን ጎን ክፈትና ተለጣፊው ላይ አንብበው፤ ያገለገለ ማሽን ስለሆነ ሰው ቀይሮትም ሊሆን ይችላል። ካርዱ የሚሰካበት ረጅሙ ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ገመድ ያስፈልገዋል፤ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምርለታል። ጂቲኤክስ 1060 እስከ 120 ዋት ይበላል፣ ባለ 6 ፒን ነው። አርኤክስ 580 ደግሞ 185 ዋት ነው፣ ባለ 8 ፒን። ከማሽኑ ጋር የመጣው ፓወር ሰፕላይ ሁለቱም ገመዶች የሉትም። ቁጥሩን ራስህ ደምረው፦ ፕሮሰሰርህ ብቻውን 77 ዋት ነው፣ 580ውን ስትጨምርበት 262 ደረሰ፣ ገና ማዘርቦርዱን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙንና ፋኑን አልቆጠርንም።

ሻጩ «ችግር የለም፣ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር አለ» ይልህ ይሆናል። እባክህ እሱን አትንካ። የሳታ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የተሠራው ለ54 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒኑ ደግሞ እስከ 75 ሊጠይቀው ይችላል። ጌም ሲሆን ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብሌንደር ሬንደር ሲያደርግ (ሞዴሉን ወደ ምስል ሲቀይር) ግን ካርዱ ለሰዓታት ያለ እረፍት ሙሉ ጉልበቱን ነው የሚጎትተው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከካርዱ ጋር የተጣበቀ፣ ገመዱ የጠቆረ መሰኪያ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ቤት ሊያቃጥል የሚችል ነገር ስለሆነ ይህንን መምከር ብቻ ሳይሆን እለምንሃለሁ።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየር አይቻልም እያልኩህ ግን አይደለም። የ7010 ቁም ኬዝ የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ስለሚጠቀም ገበያ ላይ ያለ ስታንዳርድ ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል። ከእሱ በኋላ የመጡት 7020 እና 9020 ናቸው አስቸጋሪዎቹ፣ ዴል የራሱን ባለ 8 ፒን መሰኪያ አድርጎባቸዋል። ግን ደህና ፓወር ሰፕላይ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ ርካሹን ከገዛህ ደግሞ ካርዱንም ማሽኑንም ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ በተለይ መብራት እየመጣ በሚሄድበት ሰፈር።

ሁለተኛው ጉዳይ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው፣ ሊኑክስ ተጠቃሚ ደግሞ ከፍጥነት በፊት ማየት ያለበት እሱን ነው። ዊንዶውስ ላይ አሮጌ ድራይቨር ጭነህ ለዓመታት ሳታስበው ትኖራለህ። ሊኑክስ ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር የሚገጣጠም ሞጁል ነው። ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ለአዲሱ መሠራት አለበት። የሚያዘምነው ሰው ከሌለ አንድ ቀን ከርነሉ አፕዴት ይሆንና ድራይቨሩ አልገጥም ይላል፣ አንተም ጥቁር ስክሪን ፊት ትቀራለህ። ጂቲ 710 አሁን ያለበት ደረጃ ይኼ ነው። ኬፕለር የሚባለው ትውልድ ነው፣ የሚደግፈው የመጨረሻው ድራይቨር 470 ነው፣ ኤንቪዲያም በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማዘመኑን አቁሟል። ስለዚህ ካርዱን ለመቀየር ማሰብህ ልክ ነው።

ጂቲኤክስ 1060 የ2016 ካርድ ነው፣ ትውልዱ ፓስካል። ለፓስካል የመጨረሻው የድራይቨር ቅርንጫፍ 580 ነው፤ የድራይቨሩ ቁጥር ነው፣ ከኤኤምዲው ካርድ ስም ጋር እንዳታምታታው። ከ590 ጀምሮ ያለው ፓስካልን አያውቀውም። ካርዱ ነገ ይሞታል ማለት አይደለም፣ የደህንነት ማስተካከያ ለተወሰነ ጊዜ ይመጣለታል። ቤትህ ያለ ካርድ ቢሆን ኖሮ ተጠቀምበት እልህ ነበር። ዛሬ ብር አውጥተህ የምትገዛው ከሆነ ግን በሩ እየተዘጋበት ያለ ካርድ ነው፣ በዚያ ላይ ገመዱ የለህም።

ኤኤምዲ ሊኑክስ ላይ ምርጥ ነው የሚሉህ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፣ የቀረውን ሜሳ የሚባለው ክፍት የግራፊክስ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ትሰካለህ፣ ታበራለህ፣ አለቀ። ለጌም ወይም ለተራ ሥራ ቢሆን ኖሮ ያለ ማቅማማት ኤኤምዲ ውሰድ ነበር የምልህ። አንተ ግን ብሌንደር ነው ያልከው። ብሌንደር በ2021 መጨረሻ 3.0 ሲወጣ በኤኤምዲ ካርድ ሬንደር ያደርግበት የነበረውን ኦፕንሲኤልን ተወው። በምትኩ ለኤኤምዲ ያመጣው ሂፕ የሚባለውን ነው፣ ሂፕ ደግሞ የ580ውን የፖላሪስ ትውልድ አይቀበልም። በተግባር ምን ማለት ነው? 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ካርድ ተሰክቶ እያለ ሳይክልስ የሚባለው የብሌንደር የሬንደር ሞተር በአራት ኮር ፕሮሰሰርህ ብቻ ሬንደር ያደርጋል። ሞዴሉን ስታዞረው ይፈጥንልሃል፣ ሬንደሩ ግን ያው ነው። ሌላም ነገር አለ። ገበያ ላይ ካሉት 580ዎች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እስከ መስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ ሲመረት በነበረበት ጊዜ ሌት ተቀን የሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ «2048» የሚል ጭራ አላቸው፤ ስማቸው 580 ይሁን እንጂ ውስጣቸው 570 ነው።

ወደ 1650 እንምጣ። የ2019 ካርድ ነው፣ ቱሪንግ የሚባለው ትውልድ፣ 75 ዋት፣ 4 ጊጋ። ስሎቱ ብቻ ይበቃዋል። የአሁኑ የኤንቪዲያ ድራይቨር ይደግፈዋል፣ ኤንቪዲያ በ2022 ምንጩን የከፈተው የከርነል ሞጁልም ከቱሪንግ ጀምሮ ላሉ ካርዶች ነው የተሠራው። ብሌንደር ላይ በሁለቱም የኤንቪዲያ የሬንደር መንገዶች፣ በኩዳም በኦፕቲክስም ይሠራል። ድክመቱ ሜሞሪው ነው። 4 ጊጋ ትንሽ ነው፣ ትልልቅ ቴክስቸር ያለበት ትእይንት ሲገጥምህ ይሞላብሃል፣ ያኔ ቴክስቸሮቹን ማሳነስ ይኖርብሃል። ለተማሪ ግን ብዙ ያስኬዳል። ስትገዛ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ አንዳንድ የ1650 ሞዴሎች ባለ 6 ፒን መሰኪያ አላቸው፣ እነሱን ተዋቸው፤ የካርዱን ጠርዝ ገልብጠህ ተመልከት። ሁለተኛ፣ ባለ አንድ ፋኑን አጭሩን ምረጥ፣ ረጅሙ የሃርድ ዲስኩን ቤት ሊነካብህ ይችላል።

አርኤክስ 6400 ወይም አርክ ኤ380 የሚል ሰው ይመጣብህ ይሆናል። 6400 ከ75 ዋት በታች ነው፣ ግን በአራት መስመር ብቻ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚገናኝ አሮጌ ማሽን ላይ ይጎተታል፣ ቪዲዮ የሚጨምቅበት ሃርድዌርም የለውም። አርክ ኤ380 ደግሞ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርድ ሶፍትዌር) አሠራር ይፈልጋል፣ ከ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የመጣ ዴል ያንን አያውቅም። ሁለቱም ለአንተ አይሆኑም።

አሁን ሱቁ ውስጥ ምን ታደርጋለህ የሚለው ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ነው። የኤንቪዲያ አስመሳይ ካርዶች አሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸውን የፌርሚ ቺፖች ወስደው ባዮሳቸውን ቀይረው «1050 ቲአይ» ወይም ሌላ ስም ይሰጧቸዋል። ዊንዶውስ ላይ የሚነበበው የውሸቱ ስም ነው፣ ሳጥኑም አዲስ ነው። ሊኑክስ ግን ይህንን የሚያጋልጥበት ቀላል መንገድ አለው። ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭነህ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ካርዱን አንድ ማሽን ላይ ይሰካልህ፣ ከፍላሹ አስነሳው፣ ሳትጭን ሞክር የሚለውን ምረጥ። ተርሚናል ክፈትና በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) «ዲሜስግ» ብለህ የከርነሉን መልእክት አውጣ፣ ከዚያ «ኑቮ» የሚለውን መስመር ፈልግ። ኑቮ ክፍት የሆነው የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም አምኖ አይቀበልም፣ ቺፑን ራሱን ጠይቆ ነው ማንነቱን የሚጽፈው። እውነተኛ 1650 ከሆነ በ«ቲዩ» የሚጀምር ኮድ ታያለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቲዩ117። በ«ጂኤፍ» የሚጀምር ከመጣ ፌርሚ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ አመስግነህ ውጣ። የድሮው ቪጂኤ መሰኪያ ያለው «1650» ካሳዩህም ተጠራጠር።

ቪጂኤ ካልን አይቀር፣ ሞኒተርህ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ያሁኖቹ ካርዶች ላይ በቀጥታ አይሰካም። ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ በውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ግዛ። ከዲቪአይ የሚቀይረው ርካሹ ፕላስቲክ 1650 ላይ አይሠራም። ይህንን ቀድመህ ካላሰብክበት ካርዱ ተሰክቶ ሞኒተሩ ባዶ ይሆንና ካርዱ የተበላሸ ይመስልሃል።

ወደ ቅየራው እንሂድ። ያንተ ፕሮሰሰር የራሱ የኢንቴል ግራፊክስ አለው፣ ማዘርቦርዱም ኋላ ላይ ቪጂኤና ዲስፕሌይፖርት አለው። ይኼ ትልቅ ዕድል ነው፣ መሃል ላይ መቆሚያ ይሰጥሃል። መጀመሪያ አሮጌው ካርድ እንደተሰካ የ470ውን ድራይቨር አውጣው። ተርሚናል ላይ አፕት በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ «ፐርጅ» ብለህ በኤንቪዲያ የሚጀምሩትን ጥቅሎች በሙሉ ታጸዳለህ። ዝም ብለህ ሪሙቭ አትበል፣ ሪሙቭ የሴቲንግ ፋይሎቹን ይተዋቸዋል። በኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኤክስ11 የሚለው ጋ ገብተህ «ኤክስኦርግ» የሚባል የኮንፍ ፋይል ካለ ስሙን ቀይረው። ብዙ ማሽን ላይ ካርድ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን መነሻው ይህ ፋይል ነው፣ ሲስተሙ የሌለ ካርድ እየፈለገ ነው።

ከዚያ አጥፋው፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። የኬዙን ብረት ነክተህ የሰውነትህን ኤሌክትሪክ አራግፍ። የስሎቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ፕላስቲክ መያዣ አለች፣ እሷን ሳትጫን ካርዱን እንዳትጎትት፣ ስሎቱ ይሰበራል። ጂቲ 710ን ካወጣህ በኋላ አዲሱን ወዲያው አትስካ። ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተህ ማሽኑን አስነሳው። ዴስክቶፕህ ከመጣ ሲስተምህ ጤነኛ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ችግር ከአዲሱ ካርድ ወይም ከድራይቨሩ እንደሆነ በእርግጠኝነት ታውቃለህ። ይቺ እርምጃ ጥቂት ደቂቃ ትወስዳለች፣ የብዙ ሰዓት መደናበር ታስቀራለች።

ባዮሱ በጣም አሮጌ ከሆነ እዚህ ላይ አዘምነው፣ አዳዲስ ካርዶችን ለመቀበል ይረዳዋል። ግን ዩፒኤስ ከሌለህ ወይም መብራቱ የማያስተማምን ቀን ከሆነ ተወው። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱን ልታጣው ትችላለህ።

አሁን 1650ውን ስካ፣ ጠቅ ብሎ እስኪገባ፣ ብሎኑን እሰረው፣ የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅለህ ካርዱ ላይ አድርግ። ሲነሳ በኑቮ ነው የሚነሳው፣ ምስሉ ይመጣል፣ ፍጥነት ግን አትጠብቅ። «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈት። ብዙ አማራጭ ይዘረዝርልሃል። «ቴስትድ» የሚል የተጻፈበትን ውሰድ። «ሰርቨር» የሚለው ለአንተ አይደለም። «ኦፕን» የሚል ጭራ ያለውም 1650 ላይ ይሠራል። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ ከሆንክ ጥቅልህን ቀድመህ እይ፣ መሃል ላይ እንዳይቋረጥ።

ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ላይ የሚወርደውን የራን ፋይል አትጠቀም። ቪዲዮዎቹ ሁሉ እሱን ያሳዩሃል፣ ሲጫንም ይሠራል። ችግሩ አፕት ስለማያውቀው ነው፤ ከርነሉ ሲቀየር ማንም አያስተካክልልህም፣ በኋላ የኡቡንቱን ድራይቨር ልጫን ስትልም ይጋጫሉ።

ባዮስህ ላይ ሰኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) ከበራ ደግሞ ስትጭን የይለፍ ቃል ሊጠይቅህ ይችላል። ጻፈውና ያዘው። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጠህ ያንኑ ቃል ታስገባለህ። ብዙ ሰው ይደነግጥና «ኮንቲኒው ቡት» ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ ድራይቨሩ ተጭኖ እያለ አይነሳም፣ «ሊኑክስ ከኤንቪዲያ ጋር አይሄድም» ይባላል። የሚሄድ ነው፣ ፊርማው ስላልጸደቀለት ብቻ ነው።

መጫኑን ለማረጋገጥ ተርሚናል ላይ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» በል። ሠንጠረዥ ይመጣል፤ የካርዱ ስም፣ የድራይቨሩ ቁጥር፣ ሙቀቱ፣ የያዘው ሜሞሪ። ብሌንደር ውስጥ ግን ሥራ ይቀርሃል፣ ሁለት ቦታ ነው የሚስተካከለው። መጀመሪያ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ሲስተም ላይ ኦፕቲክስን ወይም ኩዳን መርጠህ ካርዱ ላይ ምልክት አድርግ። ቀጥሎ የትእይንቱ የሬንደር ሴቲንግ ላይ ዲቫይስ የሚለውን ወደ ጂፒዩ ቀይረው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ለየፋይሉ የሚቀመጥ ስለሆነ አሮጌ ፕሮጀክት ስትከፍትም እየው። ብሌንደርን ፍላትፓክ በሚባለው ሌላ የመጫኛ መንገድ የጫንከው ከሆነ ፍላትፓክ የራሱን የኤንቪዲያ ጥቅል ለብቻው ያወርዳል፣ ዋናው ድራይቨር ሲቀየር እሱንም አፕዴት አድርገው፣ አለዚያ ካርዱን አያየውም።

ስለ ቪዲዮው እውነቱን ልንገርህ። ኬደንላይቭ የሚባለው ነጻ የቪዲዮ ኤዲተር አብዛኛውን ኢፌክት በፕሮሰሰር ነው የሚሠራው። 1650ው የሚያግዝህ ኤክስፖርት ስታደርግ ነው፣ ኤንቪኢንክን (የካርዱን ቪዲዮ መጭመቂያ) የሚጠቀም ፕሮፋይል ከመረጥክ። ታይምላይኑ እንዳይንቀጠቀጥብህ ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) አብራ፣ ከካርዱ ይልቅ የሚያቀልልህ እሱ ነው። ሌላውን የቪዲዮ ኤዲተር ዳቪንቺ ሪዞልቭን ካሰብክ ደግሞ ነጻው የሊኑክስ እትም በስልክ የተቀረጸውን ኤች264 እና ኤች265 አይከፍትም፣ በኤኤሲ የተቀዳ ድምፅም አያነብም። ፋይሎቹን ኤፍኤፍምፔግ በሚባል ፕሮግራም ዲኤንኤክስኤችአር ወደሚባለው የቪዲዮ ዓይነት መቀየር ይኖርብሃል፣ እነሱ ደግሞ ሃርድ ዲስክ ይበላሉ። 4 ጊጋ ሜሞሪም ለሪዞልቭ ጠባብ ነው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ኬደንላይቭ ላይ እቆያለሁ።

ከጫንክ በኋላ ጥቁር ስክሪን ከመጣ አትደንግጥ፣ ፎርማት የሚልህንም አትስማ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫን፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት መግቢያ ከመጣ ሲስተሙ በሕይወት አለ፣ ከዚያው ድራይቨሩን ፐርጅ አድርገህ እንደገና ትጭናለህ። እሱም ካልመጣ ሲነሳ ኤስኬፕ ወይም ሺፍት ተጭነህ ግራብን (የማስነሻ ዝርዝሩን) አውጣ፣ «ኢ» ተጫን፣ በሊኑክስ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳትነጣጥል ጨምርና በኤፍ10 አስነሳው። በደብዛዛ ጥራትም ቢሆን ይነሳል። ከወራት በኋላ በከርነል አፕዴት ምክንያት ቢመጣብህ ደግሞ ግራብ ላይ «አድቫንስድ» የሚለው ውስጥ ያለፈው ከርነል ተቀምጦልሃል፣ በእሱ ገብተህ ሥራህን ቀጥል፣ ድራይቨሩን በእርጋታ ታስተካክላለህ።

ካልተሳካልህ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ከርነልህ ስንት እንደሆነ፣ «ኤልኤስፒሲአይ» በሰረዝ «ኬ» ስትል ከካርዱ ሥር የትኛው ድራይቨር እንደተጻፈ፣ እና ሰኪዩር ቡት በርቶ ይሁን ጠፍቶ። እነሱን ካየሁ አብረን እንፈታዋለን።